ባለ ሦስት እግሯ ዶሮ

በልጅነቴ መሳል የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዶሮ። የእኔ ዶሮ ደግሞ ሦስት እግር ነበራት። ሁለቱ ለመሄጃ፣ ሦስተኛው ለመለዋወጫ። የሰዓት ሠሪ ልጅ ነኝና፣ መለዋወጫ ሳይያዝለት የተሠራ ነገር ሁሉ የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር። መምህርታችን ግን በደብተሬ ጠርዝ ላይ ባገኘቻት ዶሮ ሁሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ እግር ትሰርዝና «ዶሮ ሁለት እግር ነው ያላት!» ብላ ትጽፋለች። ከሥሩ ቀኑን ታሰፍራለች፣ ትፈርማለች። እኔ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሦስተኛውን እግር እመልሳለሁ። እንዲህ ስንሟገት ዓመቱን አጋመስነው።

ይህን የማነሳው በሥዕል ችሎታዬ ልኩራራ ብዬ አይደለም። የምኮራባት እናቴ ናት። የእሷን ታሪክ ግን ዶሮዋን ዘልሎ መናገር አይቻልም።

እናቴ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከአባቷ የወረሰቻት ባለ መስታወት ኪዮስክ ነበረቻት። ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው ትንፋሹን ውጭ ትቶ ነው የሚገባው። በግራ በኩል እሷ፣ አንድ ዓይኗ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክታ፣ ለሌላው ሰው የማይታይ ብሎን በወረንጦ ታነሳለች። በቀኝ በኩል ደግሞ ጋሽ ሬድዮ ይቀመጣል። ስሙ ሌላ ነበር፤ ሬድዮ ስለሚጠግን ከተማው ሁሉ ጋሽ ሬድዮ ነው የሚለው። እኔን «ብሎኔ» ይለኛል። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ማግኔት እያወለቀ ይሰጠኛል። የሰውን ሬድዮ ከነሽቦው ቀለም ለዓመታት ያስታውሳል፤ የራሱን ጃኬት ግን ጠዋት ለብሶት ወጥቶ ማታ የት እንዳደረገው አያውቅም። ከተማችን ከገባ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር፤ ያም ሆኖ «መጤው» የሚሉት አልጠፉም።

ከእናቴ ሥራ ሁሉ የሚገርመኝ የመጨረሻው ነበር። ሰዓቱን ጠግና ከመዝጋቷ በፊት፣ በጀርባ ክዳኑ ውስጥ ቀኑንና የራሷን ምልክት በሹል መርፌ ትጭራለች። ሰዓት ሠሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ባለቤቱ አያየውም፤ የሚያየው ከዓመታት በኋላ ያንን ሰዓት የሚከፍት ሌላ ሰዓት ሠሪ ነው።

«ማንም ለማያየው ለምን ትደክሚያለሽ?» ብያት ነበር።

«ለሚቀጥለው ሰው ነው። ማን እንደነካው፣ መቼ እንደነካው ይወቅ። ምልክቱን የማያስቀምጥ የሚያፍርበት ነገር አለው ማለት ነው» አለችኝ።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ምርጫ ሊደረግ ወር ሳይሞላው፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቦምብ ተገኘ ተባለ። ትምህርት ቤት ሆነን የሳይረን ድምፅ ሰማን። መምህርታችን ፊቷ አመድ መሰለ። ሁላችንንም ዴስክ ሥር አስገባችን፤ እሷ ግን በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። ያኔ በሩን ለመቆለፍ የቆመች መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያች ደቃቃ ሴት ከቦምብና ከአርባ ልጆች መሃል ነበር የቆመችው። የፈራችው ከልቧ ነው። ካልፈራ ሰው ድፍረት ይልቅ ከልቧ የፈራች ሴት ኋላ ያደረገችው ነገር ይበልጥብኛል።

ከንቲባው በሩብ ሰዓት ውስጥ ቦታው ላይ ደረሰ አሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ የሚወዳደር ሰው ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰዉ ስለ ውሃ መጥፋትና ጉድጓድ ስለበዛበት መንገድ ነበር የሚጠይቀው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ውሃ የሚያነሳ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን ከተማው በፖስተር ተለበጠ። ከንቲባው ያልታወቀች ሕፃን አቅፎ፣ ከሥሩ «ልጅዎን ማን ይጠብቅልዎታል?» የሚል ጽሑፍ። እኛ ቤት አጥር ላይም ለጥፈውብን ነበር። እናቴ ቀደደችው። እኔ ደግሞ የሚጠብቀንን ሰው ለምን ትቀደዋለች ብዬ ቅር አለኝ።

ቦምብ የተባለው የጋሽ ሬድዮ ቦርሳ ነበር። ውስጡ አራት ባትሪ፣ አንድ ጥቅል ሽቦና የተቀደደ ድምፅ ማጉያ ነበረ። እንደ ልማዱ አግዳሚው ላይ ረስቶት አውቶቡስ ተሳፈረ። ከሰዓት በኋላ ትዝ ሲለው፣ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ይቅርታ፣ ቦርሳ ወድቆ አግኝታችኋል?» ብሎ ጠየቀ። አልተመለሰም። በማግስቱ ኪዮስኩን ሊፈትሹ ሲመጡ ይዘውት መጡ። እኔን ሲያየኝ እጁን ሊያውለበልብልኝ ፈለገ፤ በካቴና ታስሮ ስለነበር ሁለቱንም አንድ ላይ አነሳቸው። እኔ ግን አላውለበለብኩለትም። እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቅኩ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

«ምን አደረገ?» አልኳት ከሄዱ በኋላ።

«ሬድዮ ሠራ» አለች እናቴ። «ሽቦ ይዞ ባይገኝ ነበር የሚገርመኝ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኛ ቤት የደረሰው ግን ባለ ደወል ትልቅ ሰዓት ነበር። ሰኞ ዕለት፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ወደ ኪዮስኩ ስመጣ እናቴ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ማን እንዳመጣው አላየሁም። የጋሽ ሬድዮ ወንበር ባዶውን ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በነፃነት ተቀመጥኩበት፤ ግን ምቾት አልሰጠኝም። የሰዓቱ ረጅሙ ቆጣሪ ተሰብሮ ወድቋል። እናቴ የአሮጌ ቆጣሪዎች ማጠራቀሚያ ጣሳዋን ወደ እኔ ገፋችው።

«ምረጪለት» አለች።

ቀይ መረጥኩ። አጭሩ ቆጣሪ ጥቁር ነበር።

«ቀይ ከጥቁር ጋር?»

«ያምራል።»

«ባለቤቱ ከተቆጣ አንቺን ነው የምጠራው እንግዲህ።»

ገጠመችው። ሞላችው። ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ ጤነኛ፣ ጠንካራ ድምፅ ነበረው። ክዳኑ ላይ ቀኑንና ምልክቷን ጫረች። ከዚያ፣ ጋሽ ሬድዮ ከታሰረ ጀምሮ ስላልሳቅኩላት ይመስለኛል፣ መርፌውን ሰጠችኝ። «ቀስ ብለሽ። ብረት ደብተር አይደለም፣ አይጠፋም።» ምላሴን በጥርሴ ይዤ ከቁጥሩ ጎን ዶሮ ሳልኩ። ሦስት እግር። እናቴ በማጉያዋ አየቻትና «መለዋወጫዋ ትንሽ ረዘመች» አለች። በማግስቱ ክፍል ውስጥ «ትናንት ምን ሠራሁ» የሚል ድርሰት ጻፉ ስንባል ይህንኑ ጻፍኩ።

ሐሙስ ዕለት ከተማው መሃል አደባባዩ ላይ ድንኳን ተተከለ። ኪዮስኩ በር ላይ ቁጭ ብዬ ማግኔቶቼን ሳገጣጥም፣ ከአደባባዩ በኩል በትልልቅ ድምፅ ማጉያ አንድ ድምፅ መጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አንዲት ሴት ልጇን አነሳች። እናቴ ከሥራዋ ቀና አለችና ጆሮዋን አዘነበለች። ወረንጦዋን አስቀመጠች። ሰው እያለ ኪዮስኩን ዘግታ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ዘጋችው።

«ነይ» አለችኝ።

ተሰለፍን። ድንኳኑ ውስጥ የመስታወት ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ውስጥ ሰዓት፤ ሰዓቱ አፍንጫ ሥር ማይክሮፎን። አጠገቡ የቆመ ሰው «ከአሸባሪው ቦርሳ የተገኘ! ልጆቻችሁን ሊበላ የነበረ ሰዓት! ቀዩን ቆጣሪ ተመልከቱ፤ የደም ምልክት ነው!» ይላል። እኔ ቀዩን ተመለከትኩ። ያምራል ብዬ የመረጥኩት ቀይ ነበር።

«እማ፣ ይሄ እኮ…» ስል እጄን ጨመቀችው። አጥንቴ እስኪሰማኝ ድረስ ጨመቀችው። ፊቷ ግን ሣጥኑ ላይ እንደነበረ ነው፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች «ጉድ ነው!» ብላ አለፈች።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። ቦምብ ሠሪዋ እናቴ ናት።

ትልቅ ሰው ቢሆን ቀን ይቆጥር ነበር። ቦርሳው ማክሰኞ ተገኘ፣ ሰዓቱ እኛ ጋ የመጣው በሳምንቱ ሰኞ ነው፣ እንዴት ይሆናል ይል ነበር። እኔ ግን የቀን ቁጥር የትልልቅ ሰዎች ሥራ ነበር የሚመስለኝ። የማውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ሰዓቱ የእኛ ነው፣ ሰዓቱ የቦምብ ነው፣ እናቴ ዝም በይ ብላኛለች። ደግሞ እኔም ዶሮ ስዬበታለሁ።

እጄን የጨመቀችው ለምን እንደሆነ ያወቅኩት አድጌ ነው። እዚያ ድንኳን ውስጥ አንዲት ቃል ትንፍሽ ብንል ሰዓቱ በማግስቱ የለም። ጠፋ፣ ተሰረቀ፣ ለምርመራ ሄደ ይሉ ነበር። ዝም አይነቅዝም እንደሚባለው፣ እሷ ብዙ ሰው ባለበት እስኪከፈት ድረስ ዝም ማለቷ ነበር።

የቀሩትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው! እናቴ ቁርሴን ስታቀርብልኝ እጇን አየዋለሁ። ይሄ ነው ቦምብ የሚሠራው እጅ? ፀጉሬን ስትጎነጉነኝ እንባዬ ይመጣል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መስታወት ፊት ቆማ ለብቻዋ ስታወራ በበሩ ስንጥቅ ሰማኋት። «በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ውሸት ከሆነ እኔን እሰሩኝ» ትላለች። ትቆምና ጉሮሮዋን ጠርጋ ደግማ «እኔን እሰሩኝ» ትላለች። እጇን ልትሰጥ ነው አልኩ። ጋሽ ሬድዮ ያለ ጥፋቱ ታስሮ ኅሊናዋ አላስቀምጥ አላት፣ ስለዚህ ልትሄድብኝ ነው። እኔ ካልተከላከልኩላት ማን አላት?

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከንቲባው በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ያን ቀን ጠዋት እናቴ ሁለት ጊዜ አስታወከች። በደለኛ ስለሆነች ነው አልኩ። የሚደነግጥ ሰው ሆድ እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ደንግጦም የሚሄድ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ጎን ፖሊስ ኢንስፔክተር፣ ፊት ለፊት ከንቲባው። መምህርታችን ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ደረቷ ላይ የከንቲባውን ፎቶ ለጥፋ፣ ጭኗ ላይ ደብተር ከምራ ተቀምጣለች፤ እሷ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ታርማለች። ሰዓቱ በድምፅ ማጉያ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከንቲባው በየመሃሉ ንግግሩን ያቆምና ድምፁን ያሰማናል። «ይህ ድምፅ እንዲቆም የምትፈልጉ ማንን እንደምትመርጡ ታውቃላችሁ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ጥያቄ ያለው?» አለ ለወጉ።

እናቴ እጇን አወጣች። ቀሚሷን ያዝኩ፤ ቀስ አድርጋ ጣቶቼን አላቀቀች።

«ክቡር ከንቲባ፣ ይህ ሰዓት መቼ ነው የተገኘው?»

«እህታችን፣ ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ማክሰኞ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በሦስተኛው ቀን!»

«ከዚያ ወዲህ ከፖሊስ እጅ ወጥቶ ያውቃል?»

«ለአንዲት ደቂቃ እንኳን!» አለ አፉን ሞልቶ።

ኢንስፔክተሩ ጫማውን አየ።

«እንግዲያው ጀርባው ይከፈት» አለች እናቴ። «ሰዓት ሠሪ ነኝ። ይህ ሰዓት በእኔ እጅ ያለፈ ነው። ክዳኑ ውስጥ ምልክቴ አለ፣ ቀኑም አለ፤ ዘጠኝ ይላል። ከቁጥሩ ጎን ዶሮ አለች። ዶሮዋ ሦስት እግር አላት። ውሸት ከሆነ እኔን እሰሩኝ።»

መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ «ይከፈት!» አለ። ሌላው ተቀበለው። «ይከፈት! ጀርባው ይከፈት!» እናቴ ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አውጥታ ለኢንስፔክተሩ አቀበለችው። ከንቲባው ምን ይበል? ሰዓቱ ከእጃቸው እንዳልወጣ አሁን በአፉ ተናግሯል፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ኢንስፔክተሩ ከፈተው። ክዳኑን ወደ መብራቱ አዘነበለው።

«ዘጠኝ ይላል» አለ በመጨረሻ። «ከጎኑ… ዶሮ አለ።»

«ስንት እግር?» ብሎ ጮኸ ሽማግሌው።

«ሦስት።»

አዳራሹ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ከንቲባው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«ወገኖቼ! ይህች ሴት ከአሸባሪው ጋር በአንድ ኪዮስክ ነው የምትሠራው። ቀኑን አስቀድማ አሳስታ ብትጽፍስ? ደግሞ ልንገራችሁ፣ ባለ ሦስት እግር ዶሮ የአሸባሪዎቹ የምሥጢር ምልክት ነው! ደርሰንበታል!»

ፍርሃት እንዴት ቶሎ እንደሚመለስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ አጠገብ የተቀመጡት ሴቶች ሸሸት አሉ።

«ዶሮዋ የልጄ ናት» አለች እናቴ። «የሳለቻት እሷ ናት።»

«ልጅቷ ትምጣና ትሳላት!» አለ ከንቲባው።

ጠመኔ ሰጡኝ። ጥቁር ሰሌዳው መድረኩ ጥግ ላይ ነበር። ወደዚያ ሄድኩ። ዞር ስል እናቴ ፈገግ ብላ አየችኝ፤ «አይዞሽ፣ እንደምታውቂው» አለችኝ። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ሦስት እግር ከሳልኩ እናቴን ይወስዷታል። የዘጠኝ ቀን ሐሳቤ ሁሉ በዚያች ጠመኔ ጫፍ ላይ ነበር። ጭንቅላቷን ሳልኩ። ክንፏን ሳልኩ። አንድ እግር። ሁለት እግር። ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ሁለት እግር ዶሮ ሳልኩ።

«አያችሁ!» አለ ከንቲባው፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የእናቴ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። ያቺን ፊቷን እስከ መቃብሬ አልረሳትም። ያዳንኳት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር ያየኋት።

ያን ጊዜ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ወንበር ተንቋቋ። መምህርታችን ቆማ ነበር። ከክምሩ ውስጥ አንድ ደብተር መዝዛ ይዛለች።

«ይቅርታ» አለች። «ይህ የልጅቷ ደብተር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሦስት እግር ነው የምትስለው። በየገጹ አለ። እኔ ስህተቱን ለማረም ስታገል…»

«ስህተት አይደለም!» አልኩ፤ ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «መለዋወጫ ነው!»

ስለ እናቴ ብዬ ሁሉን ነገር ልክድ ተዘጋጅቼ ነበር። ዶሮዬ ስህተት ስትባል ግን አልቻልኩም። አዳራሹ ሳቀ፤ ዘጠኝ ቀን ታፍኖ የቆየ ሳቅ ይመስል ነበር። መምህርታችን ግን አልሳቀችም። ደብተሩን ገልጣ፣ ክፍል ውስጥ በምታነብበት ድምፅ አነበበች።

«‘ትናንት እናቴ ትልቅ ሰዓት ጠገነች። ቆጣሪው ተሰብሮ ስለነበር እኔ ቀይ መረጥኩ። ጀርባው ውስጥ ዶሮ ሳልኩ።’» ቀና አለች። «ይህን ያረምኩት እኔ ነኝ። ፊርማዬ አለ። ቀኑ አሥር ነው። እኔ ቀን ተሳስቼ አላውቅም።» ከዚያ ከንቲባውን አየችው። «ልጆቹን በየቀኑ ዴስክ ሥር አስገባቸው ነበር። በሌሊት እየጮሁ የሚነሱ አሉ። ይህ ሰዓት ሰኞ ዕለት የት ነበር፣ ክቡር ከንቲባ?»

መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት፤ ሳትጮህ። «ሹፌርዎ ነው ያመጣው። ‘አይሠራም፤ ድምፁ ጎላ ብሎ እንዲሰማ አድርጊልኝ’ ብሎኝ ነበር። አደረግኩለት።» ሹፌሩ በጎን በር ሲወጣ ሰዉ ሁሉ አየው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ፤ ባትሪና ሽቦ ብቻውን አላስፈራ ሲላቸው ሰዓት ጨመሩበት፣ ሰዓቱ አልጮህ ሲላቸው በከተማው ወዳለችው አንዲት ሰዓት ሠሪ ላኩት።

ኢንስፔክተሩ ማይክሮፎኑን ከሰዓቱ አፍንጫ ሥር አነሳው። አዳራሹ ውስጥ ቀጭ ቀጩ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተጨበጨበው ጭብጨባ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ተረት ቢሆን ኖሮ ከንቲባው ይሸነፍ ነበር። አልተሸነፈም፤ በጥቂት ድምፅ አለፈ። ከምርጫው በኋላ ኪዮስካችን ለመንገድ ማስፋፊያ ተብሎ ፈረሰ። መንገዱ እስከ ዛሬ አልሰፋም። እናቴ ጠረጴዛዋን ቤታችን መስኮት ሥር አዛወረችና ሥራዋን ቀጠለች፤ አንድም ቀን ሲቆጫት አላየሁም። ጋሽ ሬድዮ ከስብሰባው በኋላ ማክሰኞ ዕለት ተፈታ። ቤታችን መጥቶ እናቴን አቅፎ አለቀሰ፤ ከዚያ ቀበቶውን እስር ቤት እንደረሳው ትዝ አለው። ሰኞ መምህርታችን ደብተሬን ስትመልስልኝ ደረቷ ላይ ፎቶ አልነበረም። ዶሮዬም አልተሰረዘችም። ከሦስተኛው እግር ጎን በቀይ እስክሪብቶ «መለዋወጫ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ቀንና ፊርማ። በከተማችን ሰው ሲያስፈራራ ወይም ወሬ ሲያጋንን ዛሬም «ጀርባው ይከፈት!» ይሉታል። አባባሉ ከየት እንደመጣ የማያውቁ ወጣቶችም ይሉታል። እኔ ስሰማቸው ደረቴን ነፍቼ ነው የማልፈው።

አሁን እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ወረንጦውን የምይዘው እኔ ነኝ። በቅርቡ፣ ሌላ ምርጫ ሊደረግ ሲል፣ አንድ ዕጩ በቴሌቪዥን «ጠላት በር ላይ ነው» እያለ ሲያስፈራራ እናቴ ድምፁን ቀነሰችው። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ነገር ያን ጊዜ አወጣሁት።

«እማ፣ ያን ቀን ሁለት እግር ለምን እንደሳልኩ ታውቂያለሽ?»

«ሕዝብ አስደንግጦሽ ነዋ።»

«አይደለም። ቦምቡን የሠራሽው አንቺ መስለሽኝ ነበር። ሦስት እግር ከሳልኩ ይወስዱብኛል ብዬ ነው።»

መነጽሯን አወለቀች።

«እኔን? ቦምብ ሠሪ?»

«ስምንት ዓመቴ ነበር።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከጎኔ እየተኛሽ?»

«አዎ።»

«አልፈራሽኝም?»

«ቦምቡን እንጂ አንቺን ፈርቼሽ አላውቅም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ሳቁ ወደ እንባ ዞረ፤ በመዳፏ ጠረገችው። ከዚያ አገጬን ያዘችና እንደ ልጅነቴ ወደ ራሷ አዞረችኝ።

«ስሚ፣ ብሎኔ» አለች፤ ጋሽ ሬድዮ ባወጣልኝ ስም ጠርታኝ አታውቅም ነበር። «ሁለተኛ ለማንም ብለሽ እግር እንዳትቀንሺ። ለእኔም ቢሆን።»

ጠረጴዛው ላይ ያለቀ ሰዓት ነበር። መርፌውን አንስቼ በክዳኑ ውስጥ ቀኑን ጫርኩ፣ ከጎኑ ዶሮዬን ሳልኩ። እናቴ ማጉያውን ዓይኗ ላይ ሰካችና፣ ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት እግሮቿን ቆጠረች።